በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት ዕጣ

ይድረስ ለአባዬ፣

እኔ ኃጢአተኛይቱ ልጅህ ትርንጎ፣ በፈጣሪ ፊት፣ በመላእክቱ ፊት፣ እንዲሁም ጓሮ በር ላይ ተዘርግታ በተኛችው ድመት ፊት ቆሜ እናዘዛለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶህን ነክቻለሁ። «ይህ የተማሪ ደብተር ማረሚያ እንጂ መጫወቻ አይደለም» ብለህ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ያስቀመጥከውን፣ ወንበር ላይ በርጩማ ደርቤ አውርጄ ይኸው እጽፍበታለሁ። ቀለሙም ሊያልቅ ነው። ማረኝ።

ካረፍክ ዘጠኝ ወር ሞላ። አጎቴ ውበቱ «ለሞተ አባት አንቱ ነው የሚባለው» ይላሉ። እኔ ግን በሕይወት ሳለህ አንተ ስልህ ኖሬ፣ ስለሞትክ ብቻ ሹመት ልሰጥህ አልችልም።

ደህና ወሬ ይዤልህ ብመጣ ደስ ባለኝ። ግን ተናድጃለሁ አባዬ። በሁሉም ተናድጃለሁ፤ ባንተም ጭምር።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ጉና ተራራ የሚወጣ ሰው ጠፋ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጨውና የባትሪ ድንጋይ ይዘህ አባትህን፣ አባባን፣ ትጠይቃቸው ነበር፤ አሁን አባባ ጉልበታቸውን ታመው ብቻቸውን ቀሩ። ስለዚህ የመንፈቅህ መታሰቢያ ዕለት፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ «አባባ የት ይኑሩ?» የሚል ነገር ተነሣ። አጎቴ «ባሕር ዳር፣ እኔ ጋ» አሉ። አክስቴ ዘውዴ «ሐሙሲት፣ እኔ ጋ» አሉ። እማዬ ቀስ ብላ «እዚሁ ደብረ ታቦር ቢሆኑስ» አለች።

ከዚያ የእግዚአብሔር ስም መጣ።

አጎቴን ታውቃቸው የለ፤ እግዚአብሔር በየቀኑ ያመላክታቸዋል። የሚገርመኝ አንድም ቀን ከእሳቸው ሐሳብ ተለይቶ አለማወቁ ነው። የሱቃቸውን በር ሰማያዊ የቀቡት እንኳ ተመላክተው ነው። አክስቴ ደግሞ በሕልም ነው የሚነገራቸው፤ ሕልሙ ካልጣማቸው «ሽሮው ከብዶኝ ነው» ይላሉ። ያን ቀን ለአንዳቸው ባሕር ዳር፣ ለሌላኛቸው ሐሙሲት ተብሎ ተነግሯቸው መጡ። እኔ እግዚአብሔርን ብሆን ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጬ «ማነው እንዲህ አለ ያላችሁ?» እላቸው ነበር።

የነፍስ አባታችን ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው «በቃ፣ ዕጣ ይጣል» አሉ። «የመምህር ልጅ ናት፣ ጽሕፈቷ ያምራል» ተብሎ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠ። እስክሪብቶህን መጀመሪያ የነካሁት እንግዲህ ያኔ ነው። ጓዳ ገባሁ፣ ሦስት ብጣሽ ወረቀት ቀደድኩ፣ በሦስቱም ላይ «ደብረ ታቦር» ብዬ ጻፍኩ።

አዎ፣ በሦስቱም።

አጣጥፌ አጎቴ ኮፍያ ውስጥ ጨመርኩት። አቡነ ዘበሰማያት ተደገመ። «የሕፃን እጅ ንጹሕ ነው» ተብሎ የአክስቴ ትንሹ ልጅ ተጠራ፤ እጁ ማር በማር ነበር፣ ግን ከኔ እጅ ይሻላል። አወጣ። ተነበበ። እማዬ እልል አለች። አጎቴ ፊታቸው እንደ ሎሚ ጭምድድ ቢልም፣ ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት። አባባ ግን ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ፤ «እሱ ካለ እኔ ምን እላለሁ» አሉና ወረቀቱን ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። እስካሁን አልፈቱትም። ጋቢው ሲታጠብ እንኳ በእጃቸው ይዘውት ይቆያሉ።

የቀሩትን ሁለቱን «እሳት ውስጥ ጣያቸው» ተባልኩ። ጸሎት የተደገመበት ወረቀት እንዴት አድርጌ ላቃጥል? ዳዊትህ ውስጥ ሸጎጥኳቸው።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርህ። አባባ ከኋላ ሲታዩ አንተን ይመስላሉ። ሲያስሉ ደግሞ ቁርጥ አንተ ናቸው። ያ ሳል ቤታችን ውስጥ እንዲሰማ ፈለግኩ። ይኸው ነው።

አሁን አልጋህ ላይ አባባ ይተኛሉ፤ እማዬ እኔ ጋ ናት። ማታ ማታ ሳሉን እሰማለሁ፣ እንደተመኘሁት። ቀን ግን ጓሮ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ከውሃ ታንከሩና ከጎረቤት ቆርቆሮ መሐል ጉና መዳፍ አክላ ትታያለች፤ ደመና ካልሸፈናት እሷን ያያሉ። የገበያውን ድንች ቀምሰው «ይህ ውሃ ነው፣ ድንች አይደለም» አሉና ሁለተኛ አላነሡትም። አንድ ቀን ደግሞ ደጅ ሊቀመጡ ወጡ። አገራቸው ሰው ሲያልፍ ብድግ ተብሎ ሰላምታ ይሰጣል አይደል? የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ተለቀቀ። አባባ ለሁሉም ብድግ፣ ብድግ፣ ብድግ! እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። አንድም ልጅ አልመለሰላቸውም። ከዚያ ወዲያ ደጅ አልወጡም። እኔም ያንን ሳቄን ሳስታውሰው ያመኛል።

አንድ ቀንም አማርረው አያውቁም። «እንዴት ነው ከተማ?» ስላቸው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ያለውን ቋጠሮ ዳበስ አድርገው «እሱ ያለበት ቦታ ክፉ አይሆንም» ይላሉ። እሱ ማለት እኔ ነኝ እኮ አባዬ! የኔን ጽሕፈት ነው እንደ እግዚአብሔር ቃል የሚታዘዙት።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ የወረደው የጉና ጎረቤታቸው ሊጠይቃቸው መጣ። «ሰኔ ገባ አባቴ፤ ማሳውን ለእርስዎ ልዝራልዎት ወይስ ለእኔ ይለቁልኛል?» አላቸው። አባባ ፊታቸውን ወደ ጉና አዞሩ። ከዚያ «እኔን እግዚአብሔር በወረቀት አውርዶኛል። ለቅዳሜ ና፤ ማሳውንም ቤቱንም ትረከባለህ» አሉት። ሰውየው እንደወጣ፣ የታጠበ ፊታቸውን ደግመው ታጠቡ።

ቅዳሜ ነገ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ምልክት ስጠኝ እያልኩ ስጸልይ ሰነበትኩ። «አውራ ዶሮው አሁን ከጮኸ እናገራለሁ» አልኩ፤ ጮኸ። «ለራሱ ጉዳይ ይሆናል» ብዬ ሦስት ጊዜ ይጩህ አልኩ፤ ሦስት ጊዜ ጮኸ። «ረኃብ ይሆናል» አልኩ። ራሴን ሳየው ለካ አክስቴ ዘውዴን ሆኛለሁ፤ የቀረኝ ሽሮው ብቻ ነው።

ብናገር አጎቴ «ማሳውን ፈልጋ እናትሽ ናት ያስጻፈችሽ» ይላሉ፤ እማዬ በዘመድ ፊት አንገቷን ትደፋለች። አባባንም ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ይወስዷቸው ይሆናል። ዝም ብል ደግሞ ነገ ቤታቸውን ያስረክባሉ። እና ተናደድኩብህ። ምን ላድርግ ብዬ የምጠይቀው አንተን ነበር፤ አንተ ደግሞ የለህም።

ግን ያን ቀን ታስታውሳለህ? ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሰፈራችን ትምህርት ቤት አስወጥተህ፣ አንተ ወደምታስተምርበት ወደ ጋፋት በኩል ልትወስደኝ አስበህ፣ ሁለት ቀን ጸለይክ። በሦስተኛው ቀን የእግር መንገዱ ላይ ቁጢጥ ብለህ ዓይኔን እያየህ «የምትሄጂበት አንቺ ነሽ፤ እግርሽ ምን ይላል?» አልከኝ። እማዬ «ሕፃን ይጠየቃል እንዴ?» ብላ ሳቀችብህ። አንተ «ጸሎቱ ግማሹ ነው፤ የሚሄደውን ሰው ካልጠየቅኩ ፈቃዱ ነው ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም» አልካት። እኔ ጳጳስ የሆንኩ መሰለኝ። «እግሬ ስመለስ ልታዘል ይላል» አልኩህ። ዓመቱን ሙሉ አዘልከኝ።

እና አባዬ፣ አባባን ማን ጠየቃቸው? አጎቴ አልጠየቁም። አክስቴም፣ የነፍስ አባታችንም አልጠየቁም። እኔ ደግሞ ከሁሉም ባስኩ። እነሱ እግዚአብሔር አለን ነው ያሉት፤ እኔ በእሱ ፈንታ ሆኜ ጻፍኩ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት እጠብቃለሁ? አንድ ሳምንት ሙሉ ምልክት ያስለመነኝ ነገር ምን እንደሆነ እኮ አውቀዋለሁ። ዶሮው ምን አጠፋ።

ስለዚህ ቃል እገባልሃለሁ። ያቺን የእግር መንገድ አልረሳትም። የአጎቴንም የእማዬንም ነገር በኋላ አየዋለሁ። አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸው ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ መጀመሪያ ያደረግኩትን እነግራቸዋለሁ፣ ቀጥሎ ያንተን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ከዳዊትህ አውጥቼ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻቸዋለሁ፤ ልቤ ወደ ኋላ እንዳይል። እንዴት እንደምጀምር ግን ገና

አባዬ፣ ድመቷ ተነሣች። የበትራቸው ድምፅ ነው። ቅዳሴው እንዴት ዛሬ ቶሎ ወጣ? ጓሮ በር ላይ ቆሙ። ገቡ። ጥላቸው ደብዳቤው ላይ ወድቋል፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፣ መጻፍ ብቻ ነው የቻልኩት። ፊደል እንደማያውቁ ታውቃለህ፤ ግን ከመቶ በግ መሐል መንታ ጠቦት ለይተው ያወጣሉ። ሁለቱን ወረቀቶች እያዩ ነው። አሁን የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘዋል። ቋጠሮውን እየፈቱ ነው አባዬ። ሦስተኛውን አጠገባቸው አስቀመጡት። ጣታቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው

«ትርንጎ።»