ሦስተኛው ፊልምና የነጎድጓድ ድምፅ

ጥቅምት 4

ዛሬም ሦስት እህትማማቾች ሆኜ ስጣላ ዋልኩ። ትልቋ በወፍራም ድምፅ፣ መካከለኛዋ በአፍንጫዋ፣ ትንሿ በልቅሶ። ራሴን ሰድቤ፣ ለራሴ መልስ ሰጥቼ፣ ራሴን ከቤት አባረርኩ። ሥራ ነው... የውጭ ፊልም ላይ በቋንቋችን ድምፅ ማስገባት። ሴቶቹና ሕፃናቱ የኔ ናቸው። ወንዶቹ የባልደረባዬ የነጎድጓድ ነበሩ። ከክረምቱ ጀምሮ ግን ድምፁ ሻክሮ ቤቱ ተቀምጧል።

ስወጣ አለቃችን በር ላይ ያዘኝ።

«ሦስተኛው ሊመጣ ነው» አለ።

የቱ ሦስተኛ ብዬ አልጠየቅኩም። የዞምቢው ነው፣ ሙታን ተነሥተው ሰው የሚነክሱበት ፊልም። የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም እኔና ነጎድጓድ ነን የሠራናቸው። ደስ አለኝ። ስንት ጊዜ ሆነኝ እንዲህ ደስ ካለኝ?

ጥቅምት 6

ነጎድጓድ ዘንድ ሄድኩ። ስሙን ያወጣንለት ስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ ሲቆጣ የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩ መስመር ላይ ስለሚደርስ። ዛሬ በሩን ከፍቶ «ግቢ» ሲለኝ ግን አልሰማሁትም። ከንፈሩን አይቼ ነው የገባሁት።

ሴት ልጁ ሻይ አመጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ነበር።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ማንቁርቱ ይውጣ ብሏል።»

«ካልወጣስ?»

«ካልወጣማ...» አልጨረሰችውም።

እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስለ ሦስተኛው ስነግረው ፊቱ በራ። በእጁ ጠራኝና ጆሮዬ ሥር በሚያፏጭ ትንፋሽ «አንቺ ልጅ፣ ሙታኑን ለኔ ተይልኝ። እነሱ እንደሆነ ቃል አይፈልጉም» አለኝ።

ሳቅን። ልጁ አልሳቀችም።

ጥቅምት 10

እሑድ። የመጀመሪያውን አውጥቼ አየሁት። ስንሠራው መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ አንድ ማይክራፎን ለሁለት ተካፍለን ነበር። ፊልሙም እንደኛው ድሃ ነው። ሙታኑ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ሰዎች ናቸው፤ አንዱማ የእጅ ሰዓቱን ማውለቅ ረስቷል። ይንቀረፈፋሉ። አሮጊት እንኳ ታመልጣቸዋለች።

ታዲያ ዛሬም ለምን ብርድ ብርድ አለኝ? ባልየው በሩን ቀርቅሮ ቆሟል። ውጭ ያለችው ሚስቱ ናት፤ ትናንት እራት አብረው የበሉ። አታንኳኳም፣ አትጮህም። በመዳፏ በሩን ትዳብሰዋለች። የሷን ማቃሰት ነጎድጓድ ነው ያስተማረኝ። «የምታስፈራሪ አትምሰይ» አለኝ፣ «ዕቃ ጠፍቶባት የምትፈልግ ምሰይ።»

ሁለተኛው ላይ ይሮጣሉ። ጥሩ ፊልም ነው፣ አልክድም። ድልድዩ ላይ ያለው ትርምስ ልብ ይሰቅላል። ግን ሁለተኛው ላይ ሰው የሚፈራው እንዳይነከስ ነው። የመጀመሪያው ላይ የሚፈራው በሩን እንዳይከፍት ነው... ልዩነቱ ይሄ ይመስለኛል። ለማን ልንገረው? ነገሩ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከዚህ በኋላ መልስ አይሰጠኝም።

ጥቅምት 19

ማንቁርቱ ወጣ። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ሲያየኝ አፉን ከፈተ... አየር ብቻ። ለካ እሱም ረስቶት ኖሯል። ቀስ ብሎ መልሶ ገጠመው።

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 26

ሦስተኛው መጣ። አለቃችን፣ የድምፅ ባለሙያዋና እኔ ቁጭ ብለን አየነው።

ሙታኑ ያምራሉ! ቆዳቸው እብነ በረድ፣ ልብሳቸው ልክክ ያለ። ይዘላሉ፣ ግድግዳ ይወጣሉ፣ ብሎ ብሎ ይናገራሉ። ንጉሥ አላቸው፤ ንግግር ያደርጋል። ከተማ ሙሉ ሲናድ ያሳያል፣ አንድ በር ግን አያሳይም። ከዚያ ሁሉ ሬሳ ውስጥ የማንም እናት፣ የማንም ባል የለም። ማንም ማንንም አያውቅም። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው? ጎርፍ ነው እኮ። ሰው ጎርፍን ይሸሻል እንጂ አያለቅስለትም።

«እህስ? ከድሮዎቹ ይበልጣል አይደል?» አለ አለቃችን፣ ዓይኑ እያበራ።

«ከድሮዎቹ ይበዛል» አልኩ።

ቀልድ መሰለው፣ ሳቀ።

ወንዶቹን ማን ይሠራቸዋል? ጠየቅኩት። «ይታሰብበታል» አለ።

ኅዳር 2

ታስቦበታል።

ኮምፒውተሩን ከፈተና «ስሚ» አለኝ። የነጎድጓድ ድምፅ ወጣ። «ሩጡ! ወደ ኋላ አትመልከቱ!» ክው አልኩ። የድሮ ቅጂ መሰለኝ። ግን ይሄ የሦስተኛው ቃል ነው፤ ዋናው ሰውዬ የሚለው... ትናንት ቤቱ አይቼው ነበር እኮ። ውሃ ለመጠየቅ ጠረጴዛ ሲመታ።

«እስከ ዛሬ ከሱ የቀዳነውን ሁሉ ኮምፒውተሩን አበላነው። አሁን የጻፍሽለትን ሁሉ በሱ ድምፅ ይናገራል።» አበላነው ይላል፣ ከብት የሚያደልብ ይመስል።

«እሱ ያውቃል?»

«ፈርሟል።»

ቀጥ ብዬ ቤቱ ሄድኩ። የሚያወራው ስልኩ ላይ እየጻፈ ነው።

«ጋሼ፣ እውነት ፈርመሃል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ።

«ዝምታው ገደለኝ። ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ልናገር።»

ስጨቃጨቀው ልውል ነበር የሄድኩት። ትራሱን አስተካክዬለት መጣሁ።

ኅዳር 8

ከሱ ጋር ቀዳሁ። ከሱ? ከድምፁ ጋር...

አልሆነልኝም። ነጎድጓድ ከመጮሁ በፊት አየር ይስባል፤ እኔ የምገባው በዚያ ትንፋሽ ነበር። ይሄኛው አይተነፍስም። መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም። ደጋግሜ ዘገየሁ። ባለሙያዋ ከመስታወቱ ማዶ «አይዞሽ፣ እንደገና» ትላለች። በመጨረሻ «ከፈለግሽ ትንፋሽ ልጨምርበት እችላለሁ» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። ማዳመጫውን አውልቄ ሽንት ቤት ገባሁና ቆየሁ።

ኅዳር 9

ጨረስን። አለቃችን ኬክ አስመጣ። አልቀመስኩም።

ኅዳር 21

ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጎድጓድ አንገቱን በሻርፕ ሸፍኖ መጣ፤ ልጁ አዲስ ሸሚዝ ሰፍታለታለች። በመካከላችን ተቀመጠ።

ዋናው ሰውዬ ገና አፉን ሲከፍት አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ድምፁ ሰውን ናፍቆት ኖሯል። ነጎድጓድ ፈገግ አለ፣ እጄን ጨመቅ አደረገኝ። አንድ አፍታ... ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ።

ከዚያ በፊልሙ አንድ አባት ሴት ልጁን የሚሰናበትበት ቦታ መጣ። ከሦስተኛው ፊልም ውስጥ ሰው ሰው የሚለው ያ ቦታ ብቻ ነው። «ልጄ፣ በርቺ» ይላል። በነጎድጓድ ድምፅ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው። የነጎድጓድ ልጅ ግን አጠገቡ ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች። ዞሮ አያት። ሸራውን አየ። እንደገና አያት። እጁን ከእጄ ላይ አነሣና ወጣ።

ደጅ ስደርስ ሰዎች ከበውታል። «ጀግናው! ድምፅህ እኮ ጭራሽ አማረ!» አንዱ ደግሞ «እስቲ ለኛም አንዴ ሩጡ በለን!» ይለዋል። እሱ ሻርፑን ጨብጦ ራሱን ይነቀንቃል። ጎትቼ አወጣሁት።

ታክሲ ውስጥ ስልኩን አቀበለኝ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እሰማ ነበር። ለካ ድምፅም ባዳ ነው። ልጄ ያለቀሰችው ለማን ነው?»

ልጁ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች፤ አላየችም። ስልኩን መለስኩለት።

ኅዳር 30

አለቃችን ዘንድ አብሬው ሄድኩ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ። «አቁሙልኝ። ከዚህ ፊልም በኋላ ይብቃ።» አለቃችን ከመቀመጫው ተነሣለት፣ ወንበር ሳበለት።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ። ተፈራርመናል። ደግሞ ለሌሎችም ሰጥተነዋል።»

ለእነማን እንደሆነ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰማነው። ነጎድጓድ በሬዲዮ ፍራሽ ያስተዋውቃል። «እንቅልፍ ማለት ይሄ ነው!» ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ያያል፣ ልብ ያለው የለም። ነጎድጓድ ቁልቁል ጫማውን ያያል። ሰፈራችን ሳንደርስ ወረድን። በእግር ሄድን። እኔም ላወራው አልቻልኩም... አንዱ ብቻ የሚናገርበት ወሬ ምን ወሬ ነው?

ታኅሣሥ 12

ነጎድጓድ ሄደ። ሌላ ከተማ፣ ወንድሙ ዘንድ። ድምፁን የማያውቁበት ቦታ እፈልጋለሁ ብሏል አለችኝ ልጁ። የት ያገኘዋል? ፊልሙ እዚያም ደርሷል።

የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና እየሰፋች ነበር የምታወራኝ። ድንገት መርገጡን ተወችው።

«እትዬ፣ ለሱ እንዳትነግሪብኝ። ተመልሼ ሄጄ ነበር፣ ሲኒማ ቤት። ፊልሙን ለማየት አይደለም... ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው።»

ምን ብዬ ልከልክላት?

ታኅሣሥ 17

አለቃችን አስጠራኝ። የማነበው ነገር አዘጋጅቷል፤ በደስታ፣ በንዴት፣ በፍቅር። ኮምፒውተሩ ድምፄን እንዲለምድ።

«እንቢ» አልኩ።

«እንዳሻሽ፣ የኔ እህት። የድሮ ቅጂሽም ይበቃናል። የድርጅቱ ነው።» በትሕትና ነው ያለው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ባለሙያዋ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ። ተቃቀፍን።

ጥር 8

ሥራ የለም። ትናንት ከማንም ጋር አላወራሁም። ከትናንት ወዲያም መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከሩቅ። ሥራ መልቀቄን አልነገርኳትም።

«ሃሎ» አልኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ቃሉ ተሰነጣጥቆ ወጣ።

እሷ ግን ጀምራለች። «ዛሬ በቴሌቪዥን ሰማሁሽ፣ ልጄ! ሙሽራዋን ሆነሽ። እንዴት ደስ ብሎሻል! ስትስቂ እኔም እዚህ ብቻዬን ሳቅኩ።»

ሙሽራ? የቷ ሙሽራ? ሙሽራ ሆኜ የሳቅኩበት ፊልም የለም።

«እማዬ...» አልኩ። «እኔ አይደለሁም።»

ስታዳምጠኝ ይሰማኛል።

«አንቺ አይደለሽም?» አለች፣ እንደ እንግዳ ሰው ቆጠብ ብላ። «ይቅርታ... ማን ልበል?»