አርባ እንግዳ የሚችል ድረ ገጽ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10። ከምሳ በፊት።

ሲዲ እየገለበጥኩ ነው። አሁንም። የአንድ ሰርግ ፎቶ፣ ስድስት ቅጂ፤ አንዱ ለሙሽሮቹ፣ የቀረው አገር ቤት ላሉ ዘመዶች። ሁለቱ ቢደርሱ ተመስገን ነው። አንዱ ሻንጣ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ አንዱ በተላከበት ሰው ቤት ይቀራል፣ ሌሎቹ የት እንደሚገቡ ፈጣሪ ያውቃል።

ስለዚህ፣ ክቡር ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቆመህ ስማኝ። ድረ ገጽ ልከፍት ነው። የኬንያዋ ሁርሊንግሃም ሰፈር ብቸኛ ኢትዮጵያዊት ሰርግ አንሺ፣ የአገሩን ሙሽራ ሁሉ አንስታ የራሷን ያላነሳችው ሙሉ፣ ወደ ዓለም አደባባይ ልትወጣ ነው። ዘመድ ባለበት ሆኖ ፎቶውን ይየው። ሲዲ ይቅር።

የጎደለው ማደሪያ ነው። ድረ ገጽም እንደ ሰው ቤት ይከራያል፤ ሆስቲንግ ይሉታል። ርካሽ መሆን አለበት። ደንበኛ ሲበዛም አብሮኝ የሚያድግ። ርካሽም፣ የሚያድግም። (ባልም እንዲህ ያለ ስፈልግ ነው እዚህ የደረስኩት።)

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13

ንጎንግ ሮድ፣ አንድ የሆስቲንግ ቢሮ። ሻጩ ኦቲዬኖ ይባላል። ክራባቱ ከእሱ ቀድሞ ሰላም ይላል። ሦስት ዓይነት አለን አለኝ፦ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ። ሩጫ የተመዘገብኩ መሰለኝ። ወርቁ «ገደብ የለውም» ይላል፤ ከጎኑ ግን ትንሽ ኮከብ አለች። ወሩ የገና ጾም ነውና ኮከቧን እንደ ሰብአ ሰገል ተከትዬ እስከ ገጹ ግርጌ ወረድኩ። እዚያ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ገደብ ተኝቶ አገኘሁት።

ኦቲዬኖ አላፈረም። ሳቀ። እኛ ቢሮ አለን፣ ሲበላሽብሽ መጥተሽ ትጮኺብናለሽ አለ። ቁም ነገር ነው፤ የሚጮህበት ሰው ዋጋ አለው። ግን ዋጋው ራሱ ያስጮሃል። ይህን እያሰብኩ ስቲማ ጠፋ። መብራት ማለቴ ነው፤ አፌ ኬንያዊ ሆኗል። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ሕንጻውም አብሮት ተንቀጠቀጠ።

ስንት ጎብኚ ትጠብቂያለሽ? አለኝ ስወጣ። አርባ አልኩት። የሙሽራና የሙሽሪት የቅርብ ዘመድ ሲደመር አርባ ነው። ሳይንስ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19

ምሳ ከቢኒያም ጋር። የአክስቴ ልጅ። ጊጊሪ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ሹም፤ የባለጸጎቹ ሰፈር የላቪንግተን ነዋሪ፤ የማይነጥፍ የምክር ምንጭ። የበላነው ወ/ሮ ዘውዴ ቤት። ወ/ሮ ዘ. ከስቱዲዮዬ ሥር ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው፣ የኔም አከራይ።

ቢ. በየዓይነቱን ሰሌዳ አደረገው። ሽሮው ሰርቨር ነው፣ ድረ ገጾች የሚያድሩበት ኮምፒዩተር። ጎመኑ አንቺ ነሽ፣ ምስሩ ሌላ ደንበኛ ነው፤ ሁላችሁም አንድ ትሪ ትጋራላችሁ፣ ለዚህ ነው የሚረክሰው። ትሪ መጋራት ለኛ አዲስ ግኝት እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ ሰርቨሩን በላው።

ፍርዱ፦ የባሕር ማዶ ሆስት፣ ትንሹ ጥቅል። ከኦቲዬኖ በጣም ይረክሳል። ስታድጊ ወደ ትልቁ ጥቅል አፕግሬድ ነው፣ አንድ ክሊክ ናት፣ ዶንት ወሪ። ክሬዲት ካርድ ይጠይቃል፤ እኔ የለኝም፣ እሱ አለው። እዚያው ላፕቶፑን አውጥቶ በስሙ፣ በካርዱ፣ በኢሜይሉ ከፈተልኝ። ፎቶ የማስገባበትን ቁልፍ ሰጠኝ። የዋናውን በር ቁልፍ አልጠየቅኩም። ውለታ ሊውልልኝ የተቀመጠን ሰው ቁልፉን አምጣ ይባላል? ይሉኝታ።

ወ/ሮ ዘ. ትሪ ሊያነሱ መጥተው ለስንት ሰው ነው አሉ። አርባ።

«አንቺ ሙሉ፣ አርባ ጠርቶ ለአርባ የሚያበስል ሰው አንስተሽ ታውቂያለሽ?»

ቢ. ትከሻውን ሰበቀ። «እትዬ፣ ይኼ እኮ ድግስ አይደለም፣ ቴክኖሎጂ ነው።»

«ይሁን። ቴክኖሎጂው ወጥ ሲያልቅበት ጥሩኝ።»

እኔ ሳቅኩ። ወጥ ያለቀበትን ድስት ስንት ጊዜ አንስቻለሁ፤ ባለቤቱ ሳያየኝ።

ሰኞ፣ ጥር 7

ገና አለፈ፤ ድረ ገጹ ቆሟል። ያምራል። በስልክ መስመር አንድ ፎቶ እስክጭን ሻዬ ይበርዳል፤ ግን ያምራል።

ሄለን መጣች፣ እሑድ የምታገባው። አባቷ ጋሽ ታደሰ ናዝሬት ናቸው። ዳሌያቸው ታሞ መምጣት አይችሉም፤ ከሰርጉ ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ይተኛሉ። በዋዜማው እሑድ ጎረቤታቸው በመኪናው ኢንተርኔት ቤት ሊያደርሳቸው ቃል ገብቷል። ሄለን የምትፈልገው ይህን ብቻ ነው፤ አባቷ ቢላ ሳይነካቸው ሰርጓን ይዩ። እኚያ ሰው ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። «ሙሉዬ፣ ሲዲ እልካለሁ እንዳትዪኝ» አለች። አላልኩም። ቃል ገባሁ።

ገጹ በይለፍ ቃል ይቆለፋል። የሚነገረው ለአምስት ሰው ነው፤ ሄለን መርጣለች። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አደባባይ አይወጣም፣ ተባብለን በክብር ተለያየን።

እሑድ፣ ጥር 13። ከሰርጉ መልስ።

እግሬ የኔ አይደለም። ሄለን ቆንጆ። ፊት ረድፍ ላይ የአባቷ ወንበር ባዶ ተትቷል፤ አንዲት አክስት፣ የጋሽ ታደሰ እህት፣ ቦርሳዋን አሳርፋበት ሄለን በዓይኗ አስነሳቻት። ወንበሩን ቦርሳው እንዳለም፣ ከተነሳም በኋላ አነሳሁት። ያንቺን መቼ ነው የምንበላው ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። ለሁሉም ፈገግ በሉ ብዬ ብልጭታ ተኮስኩባቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሰርጉ ተጭኖ አለቀ። ቢ. ለመስክ ሥራ ወደ ሰሜን ወጣ፤ በረሃ፣ ግመል፣ ኔትወርክ የለም። ይሁን፣ ምን ያደርግልኛል? ገጹ ላይ ያለው ቆጣሪ ይሮጣል። ጠዋት አርባን አለፈ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ እጥፍ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይኼ ነው ዕድገት ማለት! ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ይሆን? ዓለም አቀፍ የሚል ቃል ቢገባበትስ?

ዓርብ፣ ጥር 18

የዕድገቱ ምንጭ ታወቀ።

ወ/ሮ ዘ. ደረጃ ላይ ያዙኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ዓይናቸው ተጨፍኗል፣ ይቀየርላቸው። አምስቱ ውስጥ የሉም እኮ! ይለፍ ቃሉን ማን ሰጠዎት? የሄለን አክስት፣ በምስጢር። እርስዎስ ለማን ነገሩ?

«ኧረ ለማንም! ለደንበኞቼ ብቻ።»

ምሳ የበላ ሁሉ ቃሉን ከሒሳቡ ጋር ይዞ ይወጣል። የተጠራው የሚያየው ማን እንዳልተጠራ ለማወቅ ነው፤ ያልተጠራው ማን በእሱ ቦታ እንደተጠራ። አንዲት ሴትዮ ኬኩ ሲቆረስ ያለውን ፎቶ አሥር ጊዜ ከፍታ የሙሽራው እናት ጥርስ የራሷ እንዳልሆነ አረጋግጣለች። አሥር ጊዜ! እያንዳንዷ መክፈት ትንሹ ጥቅል ከሚፈቅድልኝ የወር ኮታ ላይ አንድ ጭልፋ ነች።

ቅዳሜ፣ ጥር 19። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ወጡ አለቀ።

ገጹ የለም። በሄለን ፈንታ ነጭ ሜዳ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ፦ የወሩ ድርሻ አልቋል፣ ባለቤቱ ያነጋግረን። ባለቤቱ ቢ. ነው። አንድ ክሊክ ናት ያለው እውነቱን ነው፤ ክሊኳ ግን በረሃ ነች። ደወልኩ፤ ደንበኛው ሊገኝ አይችልም ትላለች ሴትዮዋ፣ በስዋሂሊም በእንግሊዝኛም። ለሆስቱ ጻፍኩ። ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን የሚል ማሽን መለሰልኝ።

ጋሽ ታደሰ ኢንተርኔት ቤት የሚሄዱት ነገ ነው። ሄለን ሞምባሳ፣ ጫጉላ ላይ። ልንገራት? አልነግራትም።

መጮህ አምሮኛል። የሚጮህበት ሰው ያለው ንጎንግ ሮድ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የሚሠሩት። ሄድኩ።

ያው ቀን። ከሰዓት።

ኦቲዬኖ ያለ ክራባት፣ በሩን ሊቆልፍ ሲል ደረስኩ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ተሰባብሮ ወጣ። ቁጭ በይ አለኝ። ዳሌውንም፣ ናዝሬትንም፣ አርባውንም ነገርኩት። አርባው ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወንድሙ ሲያገባ ለሁለት አውቶቡስ ሰው አስበው፣ ያልታሰበ ሦስተኛ አውቶቡስ በራሱ ነዳጅ መጥቶባቸዋል። ማዳም፣ ይኼ የኢትዮጵያ በሽታ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ፖሌ፣ አይዞሽ፣ አለኝ።

ገጹን በሙሉ ማዛወር ለሰኞ ነው። ለነገ ግን ሰርቨራቸው ላይ አንዲት ጥግ ይሰጠኛል፤ ጥቂት ፎቶ፣ ያውም አንሰው፣ ለናዝሬት መስመር እንዲቀል። ስንት እንግዳ? አለኝ፣ እየሳቀ። አንድ አልኩት።

ከዚያ ክምር ውስጥ ሠላሳ መምረጥ። አባት ምን ማየት ይፈልጋል? ኬክ አይደለም። ሊሙዚን አይደለም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ራሷ ስታስር፤ አፏ ጉርሻ ሞልቶ ስትስቅ፤ ካህኑ ሲመርቋት ዓይኗን ጨፍና። ወንበሩንስ? ባዶውን ላስገባ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ መልሼ አየሁት። ብቻውን ሆድ ያስብሳል። ቦርሳው ያለበትን መጨረሻ ላይ አስገባሁ።

አድራሻውን ለጋሽ ታደሰ ጎረቤት በስልክ ብቻ ነገርኩ። በወ/ሮ ዘ. በር ከንፈሬን ነክሼ አለፍኩ። «አንቺ፣ ገጹ ሞተ እኮ!» ነፍስ ይማር አልኩ። ሌላ ቦታ ይታያል? የትም። በሰንበት ዋዜማ ዋሸሁ፤ ማስታወሻዬ ሆይ፣ ቀለል አድርገህ ያዘው።

እሑድ፣ ጥር 20። 8 ሰዓት።

ደወሉ። ራሳቸው ጋሽ ታደሰ፣ በጎረቤታቸው ስልክ።

ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚወርደው አሉ። መጀመሪያ ጣሪያው። ከዚያ አበባው። ከዚያ ዓይነ ርግቧ፣ ግንባሯ፣ ዓይኗ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፣ መስመሩ ቀርፋፋ ነው ብዬ።

«ኧረ ተይ ልጄ። ሙሽራ እንዲህ ነው የምትገለጠው። እዚያ ብሆን በአንዴ አይቻት ያልፍ ነበር።»

የስልኩ ሳንቲም ይቆጥራል።

«ግን ወንበሬ ላይ ቦርሳዋን ያስቀመጠችው ማናት? እህቴ ናት አይደል? አውቄያታለሁ! ቆይ፣ አሁን እደውልላታለሁ።»

ሳቁ። ነገ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ሳቅ አይደለም። ስልኩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ለክብሬ ስል ጉንፋን ነው ብያለሁ።

9 ሰዓት ተኩል።

ኦቲዬኖ ደወለ። በእሑድ! ማዳም፣ አንድ እንግዳ ብለሽኝ አልነበር?

ወደ ናዝሬት ደውዬ ያጣራሁት ይኼ ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሽማግሌው ሲስቁ አይቶ ገጹን በኮምፒዩተሮቹ ሁሉ ከፈተው፤ ግማሽ ናዝሬት ቆሞ ያያል። ጋሽ ታደሰ ደግሞ እህታቸውን ሊቆጡ ደወሉ፤ የቱ ቦርሳ ስትል አድራሻውን ሰጧት፤ እሷም መቼም በምስጢር ለወ/ሮ ዘ.። ኦቲዬኖ አልተቆጣም። ጥጓን አስፍቻታለሁ፣ እስከ ነገ ትችላለች፤ ነገ ግን ነይ አለ።

እሄዳለሁ። ወስኛለሁ። በራሴ ስም፣ በራሴ ቁልፍ። ኮከብ ያለበትን ወርቅ አይደለም፤ ገደቡ በትልቅ ፊደል የተጻፈውን ብሩን። ይወደዳል። ሰርግ የሚያነሳ ሰው ከወጥ ላይ አይቆጥብም። ቢ. ሲመለስ በሽሮ አስረዳዋለሁ።

የኦቲዬኖ ቅጽ «የሚጠበቅ ጎብኚ» የሚል ቦታ አላት። ምን እንደምጽፍባት ከአሁኑ ልወስን።

የተጠሩ፦ አርባ።

የሚመጡ፦

በሩ ተንኳኳ። ወ/ሮ ዘ. ናቸው፤ የትም ያልሽው ቦታ ተገኘ እያሉ። ብቻቸውን አይደሉም። ደረጃው እስከ ታች ሰው ነው።