የማና ፓሲንግ ማንኮራፊያ

እህቴ ማና ፓሲንግ፣

የዶሮ አዶቦው ድስቱ ውስጥ አለ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ የጫንኩት ለድመቷ ብዬ ነው፣ ላንቺ አይደለም።

እኔ ከቤኒልዶ ጋር ዋሻ ገብቻለሁ፣ በታችኛው በር በኩል። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አዲስ መተላለፊያ ያገኘ ሰው ስም ያወጣለታል። ነፋሱ እኔ ባገኘሁት ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ድምፁ ቁርጥ ያንቺ ነበር፤ እኔ ምን ላድርግ? ለቤኒልዶ በጆሮው የነገርኩት ቀልድ ነው። ካርታውን የምስለው እኔ ነኝ ብሎ «የማና ፓሲንግ ማንኮራፊያ» ብሎ በትልቁ ይጽፈዋል ብዬ መች አሰብኩ። ትናንት የቦሆል ዋሻ አሳሾች ክለብ ልጆች ለስብሰባው መጥተው፣ ገና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ «ማንኮራፊያውን መቼ ነው የምታሳዩን?» ሲሉ ፊትሽን አየሁት።

አየሁት አልኩሽ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንዴ ካርታ ላይ የወጣ ስም አይፋቅም። ግን ከማንኮራፊያው ወዲያ ማንም ያልረገጠው አዳራሽ ያለ ይመስላል። ቆንጆ ከሆነ ባንቺ ስም እጠራዋለሁ፤ ነገ ስብሰባው ላይ ሁሉም ያየዋል። የሌሊት ወፍ ኩስ ብቻ ከሆነ ግን በቤኒልዶ ስም ይጠራ።

እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ካልተመለስን ለነፍስ አድኖቹ ደውዪ። ሰዓቱን ላንቺ እንጂ ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ብታኮርፊኝም ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂኝ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እባክሽ፣ እስክመጣ እንዳትተኚ። ከዚያ በኋላ እንደ ልብሽ አንኮራፊ።

ሉሜን