ዳናይት ለብሳው የምትመጣው የቆዳ ጃኬት

ይድረስ ለልጄ ለሂሩት፤ ሐዋሳ።

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? የባልሽ የአማን ሥራስ ተቃናለት? የልጅሽ የሜላት ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ታስነሣችኋለች? ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ድምፅሽን ስላልሰማን እናትሽ በላይነሽ በር በሩን ስታይ ትውላለች። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመን እንሄዳለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሰው በመርሳ መንገድ ይተማል፤ የከባድ መሣሪያው ድምፅም እዚህ ድረስ ይሰማል።

ይህን የምጽፍልሽ ስለ ወንድምሽ ስለ ሚኪያስ ሚስት ስለ ዳናይት ነው። ነፍሰ ጡር መሆኗን ታውቂያለሽ። ሚኪያስ በሞተሩ ወልድያ ሄዶ ከእናቷ ቤት አመጣት። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ስለነበር የቆዳ ጃኬቱን ለእሷ አልብሶ እሱ በሸሚዝ ነዳ። እሷም ብትሆን ደርቃ አልደረሰችም፤ ጃኬቱ ቅባት ካየ ብዙ ጊዜው ነውና ውሃውን እንደ ጨርቅ ጠጥቶታል።

እዚህ ደግሞ ልትቆይ አልቻለችም። የትግራይ ልጅ መሆኗን የሚያውቅ ሁሉ ዓይኑን ጥሎባታል። አብሯት ይጫወት የነበረው ባለሱቅ እንኳ ዛሬ ጨው ሲሸጥላት ቀና ብሎ አላያትም። ስለዚህ ነገ ማለዳ ሚኪያስ በሞተር ደሴ ያደርሳታል፤ ከዚያ ይህን ደብዳቤ ይዛ በአውቶቡስ ወደ አንቺ ትመጣለች። የሚያስፈራኝ ኬላውና ዝናቡ ነው። ለኬላው ምንም ማድረግ አልችልም። ለዝናቡ ግን መላ አላጣም ብዬ ጃኬቱን ያዝኩ።

ቆዳ ማለስለስን ማንም አላስተማረኝም፤ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ጥላ ሥር ሰቀልኩት። ዳናይት ቶሎ ይደርቃል ብላ ምድጃው አጠገብ አስጠጋችው፤ እጅጌው እንደ ቅርፊት ደረቀ። ተቆጣኋት። የሚያለሰልሰው ሞራ ነበር፤ ነገር ግን ፍልሰታ ገብቷል፣ በጾም ሞራ በቤቴ አይቀልጥም አልኩ። የጉሎ ዘይት እንዳልገዛ ገበያው ተበትኗል። እናትሽ ለመነችኝ፤ አይሆንም አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤቱ ሞራ ሞራ ይሸታል። ዳናይት ከጎረቤታችን ከጀብሪል ቤት የበግ ሞራ አምጥታ፣ አቅልጣ፣ ጃኬቱን ስታሽ አገኘኋት። ይህ ምንድን ነው ብላት ቀና እንኳ ሳትል፣ «አባባ፣ የጾሙት እርስዎ ነዎት እንጂ ቆዳው አልጾመም» አለችኝ። እናትሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅሁም። አሁንም ልክ ናት አልልም፤ ድስቱም ፍልሰታ እስኪፈታ ደጅ ያድራል።

ስፌቱን ግን ረስታው ነበር። ቆዳ ውሃ የሚያስገባው በስፌቱ ነው። ጀብሪል ከቀፎው ሰም ላከልኝ፤ አሙቄ ስፌት ስፌቱንና የዚፑን ዳር በጣቴ ሞላሁት። ከዚያ እሷ ትከሻው ላይ አንድ ጣሳ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ተንከባሎ ወረደ፤ ውስጡን ብንዳስሰው ደረቅ ነው።

ልጄ፣ በተክሊል ስላልተጋቡ ያኔ የተናገርኩትን ታስታውሻለሽ። ያልኩት ያልኩት ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ቤትሽ ስትደርስ ማን ናት የሚል አይጠፋም። እንግዳ ናት እንዳትዪ፣ ስሟንም እንዳትደብቂ፤ እህቴ ናት በይ። የሚከፋው ካለ መርሳ ድረስ መጥቶ እኔን ይጠይቅ። አማን ቢያመነታ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። ሚኪያስ እኛንም ውጡ ይለናል፤ እኔ ከዚህ ቤት አልነቃነቅም። ስትወልድ ክርስትናው በቀኑ ይነሣ፤ አያቱ ይድረስ ተብሎ አንድ ቀን እንዳይዘገይ።

ለአማን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለእናቱ ለወይዘሮ ንግሥት ጉልበት ስሜያለሁ በያቸው። ሜላትን ጉንጯን ሳሚልኝ። እናትሽ ሁላችሁንም ትስማችኋለች። ለዳናይት ሰላምታ አልጽፍም፤ የቤት ሰው በወረቀት ሰላም አይባልም። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ራሴ ስሜ እሸኛታለሁ።

አባትሽ ፈንታው
መርሳ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.