የቅሬው ድንኳን

ይድረስ ጂዳ ላለው ወንድሜ ለሙስዓብ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ወገብህን ያምህ የነበረው ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሲሚንቶ ትሸከማለህ? ትበላለህ? ትተኛለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለደንቡ ብቻ አይደለም። ከዒድ ወዲህ ድምፅህን ስላልሰማን መልሱን አላውቀውም። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለን። ደህና ነን ግን አልልህም።

የዘንድሮው ክረምት ጉድ አደረገን። ነሐሴ ከገባ ዝናቡ አላባራም። አርዲቦ ሐይቅ ሞልቶ ወጣ፤ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ደግሞ ከላይ መጣና መንደራችንን መሀል አስገብቶ ያዘው። ማሽላው ተኝቷል፣ ከብቱ ሄዷል። የሰው ነፍስ አላህ አትርፏል። ጎረቤቶቿ እማዬን ከነፍየሏ አውጥተው መስጊዱ ጉብታ ላይ አሳደሯት ሲሉኝ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ተፈናቃዮቹ ወደ እኛ ወደ ሐይቅ ይመጣሉ ሲባል ከተማው ተነሣ። ሰዉ ሲነሣ ታውቀዋለህ፤ ያለውን ቆጥቦ አያውቅም። አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ ጀሪካን ይዞ መጣ፤ አንዷ ደግሞ፣ አላህ ይስጣት፣ ለሠርጓ የገዛችውን ባለ ተረከዝ ጫማ አመጣች። በእሱ ያን ጭቃ እንዴት እንደሚሄዱበት አስባ እንደሁ አላውቅም። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ የቅሬያችን ዳኛ አቶ ዝናው ሜዳው ላይ የቅሬውን ድንኳን አስተከሉ፤ ያው እድርተኞቹ ለቅሶ የምንቀመጥበትን፣ ለአባባም የተተከለውን። እኛ ሴቶቹ የቅሬውን ብረት ድስት አወጣንና፣ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስ እሱ ነው ብለን ንፍሮ ጣድን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያው ነበር። እንግዳ መቀበያ መስሎን ለቅሶ ቤት መሥራታችንን ግን አንድም ሰው ልብ አላለም።

ሰዎቹን የጫነው አይሱዙ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እማዬ ተደግፋ ወረደች። እኔ ከእርጥብ እንጨት ጋር ስታገል ውዬ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። በሕይወት ሳያት ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩና አለቀስኩ። እሷ ግን በትከሻዬ አሻግራ ድንኳኑን አየች፣ ንፍሮውን አየች፣ ዝም ብሎ የቆመውን ሰው አየች። ለካ ሊያረዱኝ ነው ያመጡኝ፣ ልጄን አረብ አገር በላው አለችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ምን ብዬ ላስረዳት? ድንኳኑ ለእናንተ ነው አልኳት፣ ወላሂ ብዬ ማልኩ። አባትሽ ደሴ ሆስፒታል የሞተ ዕለትም ተሽሎታል ብላችሁ፣ ምላችሁ ነው ያመጣችሁኝ አለችኝ። አቶ ዝናው በግሸን ማርያም ቢምሉላት፣ አንቱማ የቅሬ ዳኛ ነዎት፣ መርዶ ማቆየት ሥራዎ ነው አለቻቸው። ከሳዑዲ የተመለሰው ማህዲ ሰኔ ላይ አይቼዋለሁ ማለቱን ስነግራት፣ ከሰኔ ወዲህ ስንት ሰው ሞቷል አለችኝ። በመጨረሻ፣ እንግዲያው ደውይና ድምፁን አሰሚኝ አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ደወልኩ። አንዲት ሴት በአረብኛ ስልኩ ዝግ ነው አለች። አረብ አገር የኖሩት ሴቶች ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። የመንደራችን ሰው ጎርፍ የወሰደበትን ትቶ ላንተ አለቀሰ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እማዬ ከድንኳኑ አልወጣችም። ቤቴ ደረቅ አልጋ አለ ስላት፣ ለቅሶዬ እዚህ ነው ትላለች። እህል የምትቀምሰው በግድ ነው። ብርድ ልብስ ሲያድሏት፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብላ ለጎረቤቷ አሳለፈችው።

አንተ ልጅ፣ ምን አደረግንህ? ሥራ አጥተህ አፍረህ ነው? ታስረህ ነው? ወይስ እንዲሁ ረስተኸን? ታስረህ ከሆነ አውፍ፣ ይቅር በለኝ፤ ረስተኸን ከሆነ ግን አንጀቴ አርሯል፣ በዋዛም አልምርህም። ምንም ላክ አላልንህም። ባዶ እጅህን ሆነህ፣ እማዬ አለሁ በላት፤ ሌላ ምንም አንፈልግም። ትናንት አንዲት የማላውቃት ሴት ከሩቅ መጥታ አላህ ያጽናሽ አለችኝ። ሳላስበው አሚን አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፈርቻለሁ። እማዬ ፊት በሕይወት አለ ብዬ ስምል ለራሴም እየማልኩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ ኢቲሳም ይዛልህ ትመጣለች። ለዕረፍት መጥታ ነበር፤ የወሎ ልጆች ጂዳ ውስጥ የሚሰባሰቡበትን ስለምታውቅ ፈልጋ በእጅህ ትሰጥሃለች። እጅህ እንደገባ፣ ሳታጥፈው ደውል። ካጣችህ ግን ደብዳቤውን መልሳ እንዳታመጣብኝ ነግሬያታለሁ።

ባለቤቴ ባድሩ ሰላም ብሎሃል፤ እሱም እንደኔ ሌት ተቀን ስልክህን ይሞክራል። ሰሚሃ ወደ ዘጠነኛ ክፍል አልፋለች፤ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አቶ ዝናውና ባለቤታቸው እናትነሽ፣ ድንኳኑን የተከልነው እኛ ነን፣ ይቅር በለን ብለውሃል። እማዬ ግን ሰላምታ አልላከችም። ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት፣ ለሞተ ሰው ዱዓ እንጂ ሰላምታ አይላክም አለችኝ።

እህትህ ሱረያ
ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.