የተጠረገው መንገድ

ፌብሩወሪ 6፣ ማክሰኞ

ዛሬም በረዶ። እስከ ጉልበት። ባሌ ሹር ከንጋት ጀምሮ ትራክተሩ ላይ ነው፤ እሱ ጠርጎ ሲጨርስ ሰማዩ መልሶ ያወርደዋል። እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥም። በረዶውን ራሱን ያሰለቸዋል።

ላሜ ዳግሮስ ወለደች! ሴት ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ ያላት። በደስታ በረት ውስጥ ብቻዬን ዘፈንኩ። ሹር በሩ ላይ ቆሞ "ላሞቹ ወተቱን ቶሎ የሚያወርዱት ዝም እንድትዪላቸው ነው" አለኝ። ቅናት ነው።

ዋናውን ረሳሁት። የወተት ድጎማውን ዞን የሚከልሰው ኮሚቴ በሚቀጥለው ረቡዕ ሸለቆአችንን ሊያይ ነው! የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ተቀባይዋም እኔ። ስድስት ዓመት ጮኸን፣ መጡ። ሜዳው አገር ያሉት ከመንግሥት በሊትር ምንም አያገኙም ማለት ይቻላል፤ አገሩ በራቀና ዳገት በሆነ ቁጥር ይጨምራል። እኛ ሦስተኛ ዞን ነን። የምንለምነው አራተኛን ነው። ሜዳዎቹ "ወተቱ ያው ነጭ አይደለም ወይ?" ይሉናል። ነጭስ ነጭ ነው… እዚህ ዳገት ላይ ወጥተው ይለቡታ!

እኛ ታች ስለሆንን ዞኑ ከፍ ባይልም እንኖራለን። አስላውግ ግን… ላይኛው ቤት ያለችው፣ አብሮ አደጌ፣ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን። ላም አስሮ ማሳደር ሊከለከል ስለሆነ ላሞቹ ሳይታሰሩ የሚያድሩበት አዲስ በረት መሥራት ግድ ነው። ልጇ ሊቭ ከብቶቹን ልትረከብ ትፈልጋለች፤ ባንኩ ግን "ዞናችሁ ከፍ ካላለ ብድር የለም" ብሏታል። የእነሱ ነገር ያለው በዚህ ረቡዕ ላይ ነው።

ፌብሩወሪ 8፣ ሐሙስ

አስላውግ መጣች። ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ፦

"ጉንቮር፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ረቡዕ ዕለት መንገዱን አትንኩት።"

"የቱን?"

"የእኔን። እንዳለ ይዩት። የወተት ቦቴው ጎማው ላይ ሰንሰለት አስሮ፣ ሾፌሩ እየተሳደበ ነው የሚወጣው። እነሱም ይሳደቡ።"

ሳቅኩ። "እንግዳ ሲመጣ ደጅ ሳይጠረግ? እናትሽ ከመቃብር ትነሣብሻለች!"

እሷም ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም። "አፍሽንም ያዝ አድርጊው። አንቺ እንግዳ ስታዪ ሸለቆው ገነት ይሆናል።"

እሺ አልኳት።

ፌብሩወሪ 13፣ ማክሰኞ

መቼም… ጠረግነው።

ጠዋት ተነሥቼ ሳስበው አላስቻለኝም። ከዋና ከተማ የመጡ ሰዎች ገደል ቢገቡብንስ? የአስላውግ ኩርባ ላይ ያለውን በረዶ አውቀዋለሁ፤ መስታወት ነው። ሰውስ ምን ይለናል? ስልክ አነሣሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰው፣ አራት ትራክተር! እንዲህ ነን እኛ፤ ለጋራ ሥራ አንድ ሰው ከጠራ የሚቀር የለም። ሹር "ቃል ሰጥተሻት የለም እንዴ?" አለኝ። "ቃል የሰጠሁት እንግዳ ላዋርድ አይደለም" አልኩት። ከድልድዩ እስከ ደጇ ድረስ ጠርገን፣ ኩርባው ላይ አሸዋ በተንን። አስፋልቱ ታየ! በፌብሩወሪ! ደስ ሲል… የትኩስ ቸኮላት ፔርሙሴን ይዤ ከትራክተር ትራክተር ስዞር ሠርግ የደገስኩ መሰለኝ።

አስላውግ በመስኮት ስታይ ነበር። እጄን አወዛወዝኩላት። አልመለሰችልኝም። መነጽሯን ሳታደርግ ይሆናል።

ፌብሩወሪ 14፣ ረቡዕ

ምን ያለ ቀን ነው! ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሰብሳቢዋ፣ አንድ ሽማግሌና ኮምፒውተር ላይ የምትጽፍ ልጅ እግር። መጀመሪያ እስከ አስላውግ ቤት ወጥተው አዩ፣ ከዚያ ሁሉም እኔ ጋ ለምሳ። ጎምዛዛ ክሬሙን ገንፎ አገነፋሁት፣ ቅቤው ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ። የደረቀው የበግ ሥጋ፣ የድንች ቂጣ። ሰብሳቢዋ ሁለቴ አስጨመረች!

"መንገዱ በበረዶው ወራት እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ኧረ ምንም አይልም! እዚህ በረዶ አያሸንፈንም። ቦቴው አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።"

እውነቴን ነው፤ ቀርቶ አያውቅም። ሹር ስንቴ በትራክተር እንደጎተተው አልተናገርኩም እንጂ። አልተጠየቅኩማ።

"ሳሩስ?"

"ሳራችን? ከሜዳዎቹ ቀድመን ያጨድንበት ዓመት አለ!"

አንድ ዓመት። አንድ። ሹር ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ቦታ ጠቦት መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

አስላውግ "መንገዱ እንኳን…" ብላ ጀመረች። እኔ ደግሞ ቀልቤ የት ሄዶ ነው… "አስላውግ ስታማርር ነው የምታምረው!" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ ትጽፋለች። አስላውግ ገንፎዋን ሳትጨርስ ተነሣች። ላሞቼ ይጠብቁኛል አለች። ገና ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ? ማለቢያ ሰዓት እኮ አልነበረም።

ፌብሩወሪ 16፣ ዓርብ

ኮሚቴው ከእኛ ቀጥሎ ያያቸው፣ ከተራራው ማዶ ያሉት ሰዎች ምን እንዳደረጉ ሰማን። ምንም! መንገድ አልጠረጉ፣ ቤት አላሰናዱ። የኮሚቴው መኪና ሁለት ሰዓት በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ቆየ። ምሳው ደረቅ ዳቦ ከቡናማ አይብ ጋር። ሹርና እኔ እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሰነፎች!

ሜይ 16፣ ሐሙስ

ወጣ። የኮሚቴው ውሳኔ ነው፦ ማዶዎቹ አራተኛ ዞን። እኛ ሦስተኛ።

ሪፖርቱ ላይ የእኛ ክፍል ሦስት መስመር ነው። "ዓመቱን ሙሉ ያለ ችግር የሚያስኬድ መንገድ። ነዋሪዎቹም በሁኔታው ደስተኞች ናቸው።" ሦስቴ አነበብኩት። ደስተኞች… ደስተኛዋ እኔ ነኛ። አንዲት ሴት ናት ደስተኛዋ፣ የሸለቆው ዐሥራ አንድ ቤት አይደለም።

ሹር ሪፖርቱን አጥፎ ወደ በረት ወጣ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሜይ 17፣ ዓርብ

ብሔራዊ በዓል። ሕፃናቱ ባንዲራ ይዘው ሲሰለፉ ሁልጊዜ እንደማለቅሰው አለቀስኩ፤ የዘንድሮው እንባ ግን ሌላ ነው። አስላውግ የባህል ልብሷን ለብሳ ከሰልፉ ማዶ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት አይስክሬም አብረን ነው የምንበላው። ሄድኩ።

"አስላውግ፣ እኔ…"

"በዓል ነው ጉንቮር። ዛሬ ተይኝ።"

"ክፉ አስቤ እኮ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ክፉ አስበሽ ቢሆን መንገዱን አትጠርጊውም ነበር።"

ሊቭ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ሊቭ እንኳ አላየችኝም። ያቺ ልጅ የመጀመሪያ ጥርሷን የነቀለችው እኔ ኩሽና ውስጥ ነው።

ጁን 4፣ ማክሰኞ

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን ሳያመልጠኝ ነው። ፈትቼ ነው የለቀቅኩት።

ኮሚቴው ቢሮ ደወልኩ። ያቺ ጸሐፊ ልጅ አነሣች።

"አስታወስኩሽ! ገንፎው!" አለችኝ።

"የነገርኳችሁ ውሸት ነው" አልኳት። "ውሸት እንኳ አይደለም… ግማሽ ነው። መንገዱን በዋዜማው ዘጠኝ ሰው ሆነን ነው የጠረግነው።"

"ለምን?" አለች።

ምን ልበላት? እንግዳ ስለሆናችሁ አልኳት። ጻፊና ላኪ፣ እናየዋለን፣ ጊዜ ግን ይወስዳል አለችኝ። ጻፍኩ። አራት ገጽ። ሹር ሁለቱን ገጽ "ይሄ ስለ ላሞቹ ጠባይ ነው" ብሎ አወጣው። ሹር ቦቴውን የጎተተባቸውን ቀኖች ከቀን መቁጠሪያው ላይ ገለበጥኩ። ባለፈው የበረዶ ወቅት ብቻ ሃያ ሦስት ቀን። ይኼ ሁሉ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ነው ያን ሁሉ ያወራሁት?

ለአስላውግ ልነግራት ወጣሁ። በሩን ከፍታ እዚያው ደፍ ላይ ቆመች። "ጥሩ አደረግሽ" አለችና ዘጋችው።

ኦገስት 20

ከኮሚቴው መልስ የለም። የአስላውግ ደጅም አልተከፈተልኝ።

ሴፕቴምበር 26፣ ሐሙስ

የአስላውግ ላሞች ተሸጠው ሄዱ። ዐሥራ አራቱም።

ሊቭ ከተማ ሥራ ይዛለች። ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ስልክ ታነሣለች። ላም በስሟ የምትጠራ ልጅ…

ሹር ሲጭኑ ሊያግዝ ወጣ። እኔ ድልድዩ ላይ ቀረሁ። መሄድ ይገባኝ ነበር? መቅረት? አላውቅም። መንገዱ ደረቅ ነበር። ከባዱ መኪና አንዴ እንኳ ሳያንሸራትተው ወጣ፣ ሳያንሸራትተው ወረደ። አንዷ ላም በመኪናው ፍርግርግ በኩል አፍንጫዋን አውጥታ አየችኝ።

ማታ ሳልብ አልዘፈንኩም። ሹር "ምነው?" አለኝ። ሲቀልድብኝ የኖረው ሰውዬ እንድዘፍን ለመነኝ።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ደብዳቤ መጣ። ከድልድዩ በላይ ያለው ሁሉ ከጃንዋሪ ጀምሮ አራተኛ ዞን ሆኗል! "ባቀረቡት ዝርዝር ማስረጃ መሠረት" ይላል።

ከድልድዩ በላይ ያለው ቤት አንድ ነው። ላም የለውም።

ለእያንዳንዱ ሊትር ጨመሩለት። ለየትኛው ሊትር?

ጃንዋሪ 21፣ ማክሰኞ

አራት ቀን ሙሉ ጣለ። ሹር ደጃችንን ጠርጎ ሲጨርስ በልማድ ትራክተሩን ወደ ድልድዩ አዞረው፤ ከዚያ አስታወሰ መሰለኝ፣ ቆመና ተመለሰ። ቦቴው ወደዚያ አይወጣም። የማይወጣበትን ማን ይጠርጋል?

ሱቅ ውስጥ ባለፈው ሳምንት አስላውግን አይቻታለሁ። ቅርጫቷ ውስጥ የካርቶን ወተት። አራት ትውልድ ላም ያለበበት ቤት። እንዳላየሁ ሆኜ ወደ ሳሙናው ዞርኩ።

ዛሬ የጠዋቱን ካለብኩ በኋላ ሦስት ሊትር በትንሿ ጣሳ ቀዳሁ፣ ጀርባዬ ላይ አሰርኩ፣ በበረዶ መንሸራተቻዬ ወጣሁ። በመኪና አምስት ደቂቃ የነበረው አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ኩርባው ላይ ሁለቴ ወደቅኩ። አንዴ ተኝቼ ቀረሁና ሰማዩን አየሁ፤ እዚህ ላይ ነው ያ ሾፌር ይሳደብ የነበረው አልኩ። እኔም አንድ ሁለት ተሳደብኩ።

አስላውግ በሩን ከፈተች። በረዶ ለብሼ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"መንገዱ እንዴት ነው?"

"ከባድ ነው አስላውግ። በጣም ከባድ ነው።"

ዓይኗን ወደ ኩርባው ላከች።

"አሁን ተናገርሽ" አለች።

ጣሳውን ከጀርባዬ ፈታችው። ክዳኑን አንሥታ አሸተተችው፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው።

"የማን ነው?"

"የዳግሮስ።"

"ጥጃዋስ?"

"አደገች።"

ከበሩ ላይ ዞር አለች። "ግቢ፤ ቤቱ እየቀዘቀዘ ነው።"

ገባሁ። ብዙም አላወራሁ።