ካልሲህን ቱርቦው ላይ አገኘሁት

ታዬ ሆዴ፣

ጤናህን አልጠይቅህም። በደህናው ጊዜ ስጠይቅህም መልስህ «ምንም አልል» ነበር፤ አሁን ያ መልስህ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገሸግሸኛል። ከተለየኸን ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ናፍቆቱ እንዳለ አለ፤ ይህን የምጽፍልህ ግን ናፍቆት ስለጸናብኝ ብቻ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ። ተጸይፌሃለሁም። ለሞተ ሰው እንዲህ አይባልም ካልክ መጥተህ ተከራከረኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ኢንተርፕራይዝ አሁንም ግንባታ ላይ ነው፤ ከቤታችን ፊት የነበረውን ባዶ መሬት ቆፍረውት አቧራው መስኮት አያስከፍትም። ልጅህ ሊያ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ አነዳዷ እንዳንተ ነው፣ ፍሬን የምትይዘው ከደረሰች በኋላ ነው። እኔ እዚያው ዘ ስትሪፕ፣ የቁማር ቤቶቹ ጎዳና ላይ ያለው ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ምንጣፍ ላይ ያደረ ትውከት፣ ገንዳ የደፈነ ፀጉር፣ ሰው ከአልጋ ሥር ጥሎት የሚሄደውን ጉድ ሁሉ በእጄ የማነሳ ሴት ነኝ። በቀላሉ እንደማይቀፈኝ ታውቃለህ። ስለዚህ ቀፈፈኝ ስልህ እመነኝ።

ለእናትህ ግን እስካለፈው ሳምንት ድረስ መሞትህ አልተነገራቸውም ነበር። የሞትክ ዕለት ወንድምህ አለማየሁ ከአዲስ አበባ ደውሎ «የእማዬ ደም ግፊት ይህን አይችልም፣ ቀስ ብለን እናረዳታለን» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ያ ቀስ ብለን ያልነው ሰባት ወር ሞላው። እማማ በየእሑዱ ይደውላሉ። «ሺፍት ላይ ነው እማማ»፣ «ኦቨርታይም ገብቶ ነው»፣ «ተኝቷል፣ ልቀስቅሰው?» እያልኩ ኖርኩ። አይ፣ አትቀስቅሺው፣ ይረፍ ይሉኛል። ሊያም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ «ዳዲ ሥራ ሄደ» ትላቸዋለች። አንድ እሑድ ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ወረወረችውና «ማሚ፣ ይሄ ነገር ዲስገስቲንግ ነው። እኔ ኖ ሞር» አለችኝ። ተቆጣኋት። የአያትሽን ዕድሜ ልታሳጥሪ ነው ወይ አልኳት። ልጅቷ እውነቷን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

የገባኝም በዚያች በናፍጣ መኪናህ ምክንያት ነው።

እሷን መንዳት የጀመርኩት አርባህ ከወጣ በኋላ ነው። ስንደርስ ሞተሩን ወዲያው እንዳላጠፋ የነገርከኝን አልረሳሁም። ሁለት ደቂቃ ቁጭ እንበል፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ ትል ነበር፤ ያ ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ዕቃ ግሎ ሳለ ድንገት ካጠፉት ውስጡ ያለው ዘይት ይቃጠላል እያልክ። አንተ ሆቴል በር ላይ የሰው መኪና ተቀብለህ ስታቆም አምሽተህ፣ በጠዋት እኔን ሥራ ስታደርሰኝ፣ ቀን ሙሉ የምንገናኘው እኮ በዚያች ሁለት ደቂቃ ነበር። ስለ ሊያ እናወራለን፣ ቲፕ ስለከለከለህ ሀብታም እንስቃለን፤ አንዳንዴ ሁለቱ አሥር ይሆናሉ። ከአንተ ጋር ከኖርኩት ሁሉ ያችን ሁለት ደቂቃ ነው የምወዳት። ዛሬ ግን እሷንም ሳስብ ያመኛል፤ ልትነግረኝ የምትችልበት ጊዜ ነበረህ ማለት ነው።

ከአንድ ወር በፊት ሊያን ጓደኛዋ ቤት ላደርስ የሄንደርሰንን ዳገት ስጀምር መኪናዋ እንደ አምቡላንስ መጮኽ ጀመረች። ነዳጁን ብረግጠው ጉልበት የለም። በመስታወት ስመለከት የኋላው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክሱን አልለቅ አለ። ሊያ በሃፍረት ሹራቧን ፊቷ ላይ ሳበች። ሽታው ልብሴ ላይ ሦስት ቀን ቆየ።

ከዚያ ጓደኞችህ ተሰበሰቡልኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንዱ የነዳጅ ፊልትሮ ነው ይላል፣ አንዱ ኢንጄክተር ነው ይላል፣ ሦስተኛው በስልኩ የሆነ ነገር ሰክቶ ዳሽቦርዱ ላይ የበራውን መብራት አጠፋልኝና «ክሊር አድርጌልሻለሁ» ብሎ ሄደ። መብራቱ ሲነጋ ተመልሶ በራ። የሚያስቀው፣ ለቅሶ ላይ ሰው ዳቦ ይዞ እንደሚመጣ እነሱ ዘይት ይዘው ነው የሚመጡት። ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ ጎድሏል ይላሉ፣ ይጨምራሉ፣ የታዬ ውለታ አለብኝ ብለው ዓይናቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ዘይት የት እየገባ ነው ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

የጠየቁት ጋሽ በላይ ናቸው። አገር ቤት የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩትና አሁን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩት ሰውዬ። ስወስድላቸው ሞተሩን አስነስተው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ አስጠፉኝ። ወደ ቱርቦው የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈተሹና ደህና ናቸው አሉ። የአየር ማስገቢያውን ትልቁን የጎማ ቱቦ ነቅለው ጣታቸውን ከተው ውስጥ ያለችውን ትንሽ መዘውር ነቀነቋት፤ እንደሚወልቅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ክንፎቿ ዙሪያዋን ያለውን ብረት ሲፍቁት ከርመው ጫፋቸው ተበልቷል። ጎማውን ሲያዘነብሉት ጥቁር ዘይት ወለሉ ላይ ዘረገፈ። «ዘይቱን ሞተሩ ሲጠጣው ነው የከረመው። ይሄ ነገር ቢብስበት ቁልፉን ብትነቅዪም በራሱ ዘይት እየነደደ አልጠፋም ይልሽ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ከሥር ገቡ። ቆይተው መብራቱን አምጪ አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። ከቱርቦው በታች ባለው የጎማ ቱቦ ላይ፣ በሽቦ ተጠምጥሞ፣ በዘይት ጠግቦ ያበጠ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። የሞተ አይጥ መሰለኝ። ጋሽ በላይ በፒንሳ ጎትተው ሲያወጡት ካልሲ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ቀይ ክር ሳይ አወቅኩት፤ የሥራ ካልሲህ ነው፣ አንዱ እግሩ ጠፋ ብዬ ሳምንት ሙሉ ማጠቢያ ማሽኑን ያገላበጥኩበት። ከሥሩ አንገቱ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አስረህበታል፤ ግማሹ ድረስ በዝቃጭ ሞልቷል፣ ላዩ ላይ ፀጉርና የሞተ ዝንብ ይንሳፈፋል። ቀፈፈኝ። ወደ በሩ ሸሸሁ።

ግቢያችን ላይ የሚንጠባጠበው ዘይት ምንድነው ብዬ ስጠይቅህ የጎረቤት መኪና ነው ብለኸኝ ነበር። ጠብታው ከዚያ ወዲህ ሲቆም ጎረቤቱ አሠራው ማለት ነው ብዬ አመሰገንኩት እኮ! ምንም የማያውቀውን ሰውዬ ሳስብ ራሴን እጠላለሁ። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከሚግል ብረት አጠገብ አስረህ ልጅህን ትምህርት ቤት ታመላልስ ነበር። ከወለሉ ላይ ነጠብጣቡን ሰወርክልኝ፤ በሽታውን ግን አልነካኸውም።

ጋሽ በላይ ከሥር ወጥተው እጃቸውን እየጠረጉ ዓይኔን አላዩኝም። ያኔ ገባኝ። ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው። «አምና አሳይቶኛል። እንቀይረው ብዬው ነበር፤ ቆይ እስኪ አለ፣ ለጽጌ እንዳትነግራት ትጨነቃለች አለ።» ከዚያም፣ ሳልጠይቃቸው፣ ዳገት ሲወጣ ደረትህን እንደሚይዝህም እንደነገርካቸው፣ ክሊኒክ ያደረሱህ እሳቸው እንደነበሩ፣ የልብ ሐኪም ጋ ሂድ ተብለህ እንዳልሄድክ ነገሩኝ። እሱንም ለጽጌ እንዳትነግራት ብለሃቸዋል። ከዚህ በላይ ያስጠላኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ጮኽኩባቸው። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑትን ሰው፣ ቀብሬው ካበቃሁ በኋላ ነው የሚነግሩኝ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልክ ነሽ፣ በድዬሻለሁ» አሉ። ቀጥለውም በለሆሳስ «ለእናቱስ ነገርሻቸው?» አሉኝ።

እዚያው ባልዲ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያልተጸየፍኩት አልነበረም፤ አንተን፣ ሽማግሌውን፣ ከሁሉም ደግሞ በየእሑዱ ልቀስቅሰው ወይ የምትለዋን ሴትዮ።

ሥራውን በሁለት ቀን ጨረስነው። ጨረስነው የምልህ እኔም መብራት ይዤ፣ ቡሎን ለይቼ አብሬያቸው ስለዋልኩ ነው። አዲሱን ቱርቦ ብቻ ሰክተው ሊሸኙኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ዘይት የምታደርሰዋን ቀጭን ብረት ቱቦ ነቅለው ወደ መብራቱ አቅንተው አሳዩኝ። ተቃጥሎ እንደ ከሰል በደረቀ ዘይት ተዘግታ ብርሃን አታሳልፍም። ዘይቱን ሳትቀይር በላይ በላዩ ስትጨምር ነው የከረምከው። እሷን ካልቀየርን አዲሱም በሳምንቱ ይሞታል አሉኝ። ቀየርናት። ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀየርን፣ ውስጥ ለውስጥ የተኛውን አተላ አጠብን፤ ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት አዲሱ ቱርቦ ውስጥ በእጄ ዘይት አንጠባጥቤ አጠጣሁት። ስትነሳ ማርሚታው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት እየነደደ ሰፈሩን በጭስ አፈነው፤ ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ጠራ። ዳገቱን ሳትጮኽ ወጣችው።

በማግስቱ ለአለማየሁ ደወልኩ። ከእንግዲህ አልዋሽም፣ ወይ አንተ ታረዳቸዋለህ ወይ እሑድ ሲደውሉ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ትገድያታለሽ አለኝ፣ ተሳደበም። እኔም አልመለስኩም። ዐርብ፣ እዚህ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ስትደርስ፣ እዚያ ቅዳሜ ሲነጋጋ፣ ከአጎታችሁና ከንስሐ አባታቸው ጋር ሄዶ አረዳቸው። ሊያና እኔ ስልኩን መሐላችን አስቀምጠን ጠበቅን። ጩኸታቸውን በስልክ ሰማሁት። እንዴት እንደነበር አልጽፍልህም።

ቆይቶ ጽጌን ስጡኝ አሉ። አልተቆጡኝም። «አርባው መቼ ነበር?» አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው። «ያን ዕለት እኮ ጎረቤት ሠርግ ነበር። እልል ብያለሁ» አሉ። «ለልጄ ነፍስ አንድ ሻማ ሳላበራ፣ ዕድሜውን አርዝምልኝ ስል ከረምኩ።» ምን ይባላል? ይቅርታ እማማ አልኩ፤ ደጋግሜ እሱኑ አልኩ።

ከዚያ «ብቻውን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

ታዬ፣ እጁን ይዤው ነበር ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀላል ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም። አዎ እማማ፣ ብቻውን ነበር አልኳቸው። ሥራ ሊገባ ሲል መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ ነው ያገኙት፤ እኔ ስደርስ በድን ነበር አልኳቸው። ሊያ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ እማማ «እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ። አሁን ልጄን ላልቅስ» አሉና ስልኩን ለአለማየሁ መለሱለት።

አልረሳህም፣ ሆዴ። ግን እንደነበርክ አድርጌ ነው የማስታውስህ፤ ደግ፣ ሳቂታ፣ ውሸታም። ለሊያም እንደዚያው ነው የምነግራት፣ አንዱንም ሳልቀንስላት።

ሚስትህ ጽጌ